የግራው ፔዳል

ጠባሴ፣ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣
ነጯ ዲ ኤክስ ቆማለች፣ አራቱም በር ተከፍቶላት።
የወንበሯ ላስቲክ እንኳ ከተገዛች አልተነሳም፤
ባለቤቷ፣ የትርፌ እህት፣ ሰላምታ ነሳችኝ፤ እኔ ግን አልነሳም።
«እንደምን አደርሽ፣ ጥሩወርቅ?»
                    ዝም።

ብስክሌቱ ግንብ ተደግፏል፤ ቀይ፣ ጥርሳም ጎማ፣ የዳገት፣
ሃያ አንድ ማርሽ፤ ትርፌ ወረዳውን ሁሉ ያየችበት፣
ክትባት በጀርባዋ አዝላ ገደል ገደሉን የወረደችበት።
ንብረት ስንካፈል እኔ ቴሌቪዥኑን፣ እሷ እሱን ነው ያለችው፤
ዳኛው ቀና ብሎ «ብስክሌት?» ሲል፣ «ብስክሌት» ብላ ደገመችው።
አሁን ደብረ ሲና ጤና ጣቢያ ተዛውራለች፤
«መፍቻ ያለህ አንተ ነህ፤ ና» ብላ ትናንት ደወለች።

«ጣራው ላይ እንሰረው» ብል፣ «ይቦጭርብኛል» አለች ጥሩወርቅ።
«የኋላ ኮፈኗ ተከፍቶ ይሂድ?» «ትራፊኩን እንደማታውቅ!»
«እንግዲያው ሆዷ ውስጥ ይግባ።»
                    እሺ፤ ይግባ፤ ግን በየት?
ተሽከርካሪ ውስጥ ተሽከርካሪ፣ ቤት ውስጥ እንደሚገባ ቤት።

የፊት ጎማው በእጅ ወጣ። መሪው ዞሮ ተጣጠፈ።
ኮርቻው ዝቅ ብሎ ከፍሬሙ ጋር ተቃቀፈ።
የቀረው ፔዳል ነው። የቀኙ በአሥራ አምስት ቁልፍ ሳልለፋ
ወለቀ፤ ግራው ግን ፍንክች የለም፤ ጋዝ ጠብ ባደርግ፣ ብገፋ፣
በዚያ ውርጭ ላቤ ቢንጠፈጠፍ፣ ብረግጠው በጫማዬ፣
ጭራሽ ይጠብቃል፤ አበሳዬ!

ትርፌ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቆይታ፣ ቆይታ፣
«ግራ ገባህ?» አለችኝ፤ ከሐምሌ ወዲህ ዛሬ ገና ፈገግታ።
«ግራው እንደ ሌላው አይደለም፤ ወደ ግራ አይፈታም፤
ልፈታ ስትል እያጠበቅከው ነው።»
                    ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም።
እኛን ለመፍታት ሦስት ቀጠሮ፣ ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ የጠፋ መዝገብ ፈጅቷል።
ይሄ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር፤ በቃ፣ ተፈቷል።

ከዚያ ብርድ ልብሱን አወጣች፣
ግራጫውን፣ የፋብሪካውን፣ ያንን የምናውቀውን፤
ወንበሩ ላይ ዘረጋችው፣ ሰንሰለቱ እንዳያቆሽሽ ላስቲኩን።
ልናገር ነበር። ጥቁር ግሪስ ጠብ አለ መሃሉ ላይ።
ዋጥኩት። ዝናብ የሚፈራ ሰው መስዬ አየሁ ወደ ሰማይ።

የኋላው ሹካ ቀደመ፤ በቀኝ በር እኔ ስገፋ፣ በግራ በር እሷ ስትስብ፣
«ቀስ!» «ወደ አንቺ!» «ኧረ ቀና!» «መሪውን ጠምዝዝና ሳብ!»
ሰባት ዓመት ስንኖር በአንድ ነገር እንዲህ ተስማምተን አናውቅም።
ገባ። በሩም ተዘጋ። ጥሩወርቅ ዞራ አየች፤ ጭረት የለም።

የፊት ጎማው ቦታ አጣ፤ ትርፌ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፣
እንደ ወንፊት። በጣቷ ገፋ አድርጋ በዝግታ አሽከረከረችው፤
ሽቦዎቹ ፀሐዩን እየከተፉ በአስፋልቱ ወደ ጣርማበር ሄዱ፤
ከዋሻው ወዲህ ጉሙ፣ ከዋሻው ወዲያ ቁልቁሉ፣ የደብረ ሲና መንገዱ።

እኔ ወፍጮ ቤቱ ደጅ፣ ዱቄት ያነጣው ድንጋይ ላይ፣
ቁልፉን ልከት ብዬ እጄን ኪሴ ብሰድ፣ ሁለት ፔዳል። ወይ!

በአምስት ሰዓት ስልኬ ጮኸ።
«ደረስን። ፔዳሎቹስ?»
                    «እኔ ጋ ናቸው። ቅዳሜ ላምጣልሽ?»
ዝም አለች። ከኋላዋ የቆሎ ሻጮች ይሻማሉ።
«ለሚኒባስ ሾፌር ስጠው፤ መናኸሪያ እቀበለዋለሁ።»
«የግራውን ስታጠብቂው ወደ ግራ ነው፤ እንዳትረሺ…»
«አውቃለሁ» አለች፤ «እኔ አይደለሁ
የነገርኩህ?»